የሦስት ወር ሻንጣ

ለሦስት ወር የሚሄድ ሰው ምን ይይዛል? ኮምቦልቻ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ይህን ስጠይቅ ስንት ቀን ከረምኩ። እኔ የምሄደው ላልመለስ ነበር። ወረቀቱ ግን ሌላ ነው የሚለው፦ ባሏ ስዊድን አገር ታሟል፣ ልጇን ይዛ ለሦስት ወር ትጠይቀው። ባሌ የሚሲዮን ክሊኒክ ድሬሰር ነበር፤ ለትምህርት ሄዶ እዚያው ቀረ። ደብዳቤው ተከፍቶ ስለሚደርሰኝ "እቃ አታብዢ፣ እዚህ ብርድ ነው" ከማለት በቀር ሌላ አይጽፍም። እኛ ጴንጤዎች ደግሞ ያን ጊዜ ቀበሌ ውስጥ ስማችን ለደግ አይነሳም፤ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ቆይቷል። አለመመለሴ ቢታወቅ እኔን እንኳ ቢለቁኝ ልጄን መያዣ አድርገው ያስቀሯታል። ስድስት ዓመቷ ነበር። በሌላ ሴት ላይ ሲያደርጉት በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ቤቱ ባለቤቱ የምትመለስበት ቤት መምሰል ነበረበት። አልጋዬን ብሸጥ አዋጅ ማስነገር ነው። ስንት ሌሊት ዓይኔን ያጠፋሁባትን የስፌት መኪና ልቤ እየተቆረጠ ተውኳት። የሠርጋችንን ፎቶግራፍ ሦስት ጊዜ ከሚስማሩ አውርጄ ሦስት ጊዜ መለስኩት፤ ቢነሳ ግድግዳው ላይ ነጭ ምልክት ይቀራል፣ ያን አይቶ ጅልም ይገባዋል። ለኔ ሁለት ቀሚስ፣ ለልጄ ሁለት ቀሚስ፣ ትንሽ ሽሮ፣ አንድ ጋቢ። ልጄ ያለ ጋቢዋ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ብርድ አገር የሚሄድ ሰው ጋቢ ቢይዝ ደግሞ ማን ምን ይላል?

ለሦስት ወር አዲስ ሻንጣ ምን አስገዛት እንዳልባል ኮምቦልቻ መግዛት ፈርቼ ደሴ ወጣሁ። ፒያሳ ከአንድ ሱቅ ገዛሁና ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ አውቶቡስ ተራ ስደርስ ማንን ላግኝ? እትዬን!

እትዬ የምላቸው ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴን ነው፤ የሐርቡ ተወላጅ፣ እስላም፣ ባላቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ክፉ አይቼባቸው አላውቅም። ግን የእህታቸው ልጅ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃውን እንዳነገተ እሳቸው ቤት ምሳ ይበላል።

"ምንድነው የተሸከምሽው?" አሉኝ።

"ጥጥ ነው፣ እትዬ።"

ማዳበሪያውን ዞር ብለው አዩት። "ጥጥ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ማዕዘን አወጣ?" ብለው ሳቁ። ኮምቦልቻ እስክንወርድ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ሙቀቱ አወሩኝ። እኔ ግን በየመታጠፊያው ማዳበሪያውን በእግሬ ወደ ወንበሩ ሥር እገፋ ነበር።

በማግስቱ በር ላይ ቆመው "ዘንድሮ በርበሬ አትገዢም እንዴ? ወሩ እኮ አለፈ" አይሉኝም! ለካ ሁሉን ስደብቅ ይህን ረስቼዋለሁ። የዓመት በርበሬዋን የማትገዛ ሴት ዓመቱን ቤቷ ልትከርም አላሰበችም ማለት ነው። የዚያኑ ዕለት ገበያ ሮጬ የማልበላውን በርበሬ በጆንያ አስጭኜ መጣሁ፤ ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ደጄ ላይ ሰሌን ዘርግቼ አሰጣሁት። እትዬ ሳልጠራቸው መጥተው ሁለት ቀን ሙሉ እያስነጠሱ አብረውኝ ቀነጠሱ። አንድም ቃል አልጠየቁኝም፤ አለመጠየቃቸው ይበልጥ አስፈራኝ።

ከዚያ ደግሞ የተዋሱትን ይመልሱልኝ ጀመር። ሰኞ ወንፊቴን፣ ማክሰኞ መጥረቢያዬን፣ ረቡዕ መቼ እንደሰጠኋቸው የማላስታውሰውን አንድ ጣሳ ጨው። እኛ ሰፈር እኮ ወንፊት የማንም አይደለም፤ ሲያስፈልግሽ ሄደሽ ታመጪዋለሽ። ታዲያ በአንድ ሳምንት ምን አስመለሳቸው? ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? ቤቴ እየገቡ የሚያዩትን እቃ ለዚያ ባለጠመንጃ የሚነግሩት መሰለኝ። ወንፊቱን ስቀበል ፈገግ እላለሁ፣ በሩን ስዘጋ እረግማቸዋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ጠላኋቸው።

ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን "ሐርቡ ደርሼ ልምጣ፣ አንድ ጉዳይ አለብኝ" ብለው ወጡ። ያ የእህታቸው ልጅም አብሯቸው ወጣ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ሻንጣውን አልጋ ሥር ከትቼ፣ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ በበሩ ስንጥቅ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። "እማዬ፣ ምን ነው የምታጠብቂኝ?" አለችኝ፤ ክንዷ ላይ የጣቶቼ ምልክት ወጥቶ ነበር።

እትዬ ወደ ማታ ብቻቸውን ተመለሱ። በእጃቸው ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል። የኔ ነው! ከሦስት ዓመት በፊት ወስደው ለእህታቸው አውሰውት የቀረ።

"በዚህ በጋ ለጃንጥላ ምን አስቸኮለዎት፣ እትዬ?"

"የሰው ሐቅ ነው፣ አንገት ላይ ይከብዳል" አሉና ገቡ።

ወሎ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ሐቅ ምን እንደሆነ አጥቼው አይደለም። በእስላሙ ዘንድ ጎረቤት ራቅ ላለ መንገድ ሲነሳ በመካከላቸው ያለው ሁሉ ይመለሳል፣ የቀረውንም አፉ፣ ማለትም ይቅር፣ ይባባላሉ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ፍርሃት ግን የሚያውቁትን ያስረሳል።

በመሄጃችን ጠዋት ሻንጣው ክፍት እንዳለ ገቡ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከቀሚሶቹ ሥር ሰደዱ፤ የጋቢውን ጠርዝ በጣታቸው አሻሹ። ፈተሹኝ አልኩ፣ በልጄ ፊት እንደ ሌባ ፈተሹኝ! እሳቸው ግን ጋቢውን መልሰው አስተካከሉትና "አደራ፣ ሌሊት ሌሊት አልብሻት" አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው፦

"እኔ በበኩሌ ሁሉን አፉ ብያለሁ። አንቺም አፉ በይኝ፣ ልጄ።"

ያችን አንዲት ቃል ብል አለመመለሴን አመንኩ ማለት አይደል? ሣቅሁ። "ምነው እትዬ፣ ለሦስት ወር እኮ ነው! ለዚህ ምን አፉ ያስብላል?" አልኩና ቁልፌን ሰጠኋቸው። "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሉኝ፤ ልጄን ስመው ወጡ። ማንም አላስቆመንም።

ስዊድን የመጀመሪያው ክረምት ላይ፣ ልጄ አልተኛ ብላ ብታስቸግረኝ "ነይ፣ ጋቢሽን ላልብስሽ" አልኳት።

"የኔ አይደለም እኮ፣ የእትዬ ነው" አለችኝ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሰው ቤት ተደብቀን ስንጸልይ ተይዘን ሁለት ቀን ቀበሌ የታሰርን ጊዜ፣ ልጄን ኩፍኝ ይዟት ነበር። እትዬ ወስደው በጋቢያቸው ጠቅልለው አሳደሯት። ስፈታ ልጄን ተቀበልኩ፤ ጋቢው አብሯት መጣ፣ ማን ልብ አለው? እሳቸው ጃንጥላዬን ፍለጋ ሐርቡ ድረስ ሲንከራተቱ የሳቸው ጋቢ የኔ ሻንጣ ውስጥ ነበር። አይተውታል። አላሉኝም።

ልጽፍላቸው ፈራሁ፤ ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ ለሳቸው መዘዝ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ግን ጋቢውን አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ ኮምቦልቻ ገባሁ። ቤቴ ውስጥ ሌላ ሰው ይኖራል። እትዬ ደጃቸው ላይ ሰሌን አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ምንም ሳልል ጋቢውን ጭናቸው ላይ አኖርኩት። ጠርዙን በጣታቸው አሻሹ፣ ያኔ እንዳደረጉት።

"ሦስት ወርሽን ጨረስሽ?" አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"በርበሬሽን ሁለት ዓመት በላነው፤ ቤቱን ቀበሌ ሳይወስደው በፊት አወጣሁት" አሉ። "ልጅቱስ?"

"ደህና ናት፣ እትዬ። አፉ ይበሉኝ።"

"እኔማ ያኔውኑ ብያለሁ። ያላልሽው አንቺ ነሽ።"

ሰሌኑ ላይ ከጎናቸው ተቀመጥኩና እጃቸውን ይዤ አፉ አልኳቸው።