ከአርሂባ ጭቃ የወጣ ወሬ

በጥር 2009 ዓ.ም. ከአዳማ ተነሥቼ ጅቡቲ የሄድኩት ለሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛውን ላገኘሁት ሁሉ ሳወራ ከርሜአለሁ፦ በአርባ ስድስት ዓመቴ ዋና፣ ብስክሌትና የጭቃ ሩጫ የተጣመሩበት ውድድር ገብቼ ሜዳሊያ ማጥለቅ። ሁለተኛውን ለባለቤቴ ለአልማዝም አልነገርኳትም። ጅቡቲ ውስጥ በእኔ ውሸት ከሥራው የተባረረ ሁመድ የሚባል ሰው አለ። እሱን አግኝቼ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ ዛሬ ስል ኖሬ፣ ውድድሩ ሰበብ ሆነልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1991 እስከ 1997 ጅቡቲ ወደብ አጠገብ የአንድ ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። የምኖረው አርሂባ በሚባለው የወደብ ሠራተኞች ሰፈር፣ ሁመድና እናቱ ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ሁመድ አፋር ነው፤ በዕድሜ እኩያዬ ነው። እኔው አስገብቼው በቢሮአችን ተላላኪ ሆነ። አንድ ቀን ረፍዶብኝ፣ ባሕሩ ሲሸሽ በሚተወው ጭቃ አቋርጬ ወደ ወደቡ ስሮጥ ወደቅሁ። የያዝኩት የጉምሩክ ሰነድ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ከጥቅም ውጭ ሆነ። አለቃዬ ፊት ስቆም ደነገጥኩና «ሁመድ ነው የጣለው» አልኩ። በማግስቱ አሰናበቱት። ሁለት ወር ሳይሞላ እኔም ጓዜን ጠቅልዬ ሀገሬ ገባሁ።

ከአዳማ እስከ ሎግያ

የወሰደኝ ጋሽ በላቸው ነው፤ ያኔ ቢሯችን ደጃፍ ወረፋ ሲጠብቅ የማውቀው የከባድ መኪና ሹፌር። ማዳበሪያ ሊጭን ባዶውን ይወርዳል። ብስክሌቴን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ከጋቢናው ኋላ አሰርናት።

«ለጭቃ ብለህ ነው ጅቡቲ ድረስ የምትሄደው?» አለኝ መተሐራን ስናልፍ። «ሞጆ በክረምት በነጻ አልነበረም እንዴ?»

«የሞጆ ጭቃ ሜዳሊያ የለውም፣ ጋሽ በላቸው።»

«ልብስህን ስታጥብ ሚስትህ ትሸልምሃለች።»

አዋሽ ሰባት ላይ ጥብስ በላን፤ ገዋኔ ላይ ሐብሐብ ገዛን። ከሚሌ በኋላ አስፋልቱ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ድንጋይና ግራር ነው። ጥር ስለሆነ ሙቀቱ ይቻላል። ሎግያ አደርን። እኔ ግን ለሁመድ የምለውን ስደረድርና ስሰርዝ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጋላፊና ወዲያ

ጋላፊ ድንበር ላይ የመኪናው ሰልፍ ከረፋዱ እስከ ስምንት ሰዓት አቆየን። አንድ ፖሊስ ብስክሌቷን አስፈትቶ አገላብጦ ካያት በኋላ ለምን እንዳመጣኋት ጠየቀኝ። ለውድድር ነው ስለው የጢሜን ሽበት አየና መልካም ዕድል ብሎ አሳለፈኝ። ከዲኪል ወዲያ ነፋሱ ጨው ጨው ይላል። አመሻሽ ላይ ከከተማው ዳር ያለው የከባድ መኪናዎች ማቆሚያ ደረስን። ጋሽ በላቸው እዚያው ቀረ፤ እኔ ብስክሌቴን እየነዳሁ አርሂባ ገባሁ።

አርሂባ

የመኖሪያ ብሎኮቹ ያው ናቸው፤ ቀለማቸው ብቻ ረግፏል። ሁመድ በሩ ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። እስኪያውቀኝ ድረስ ትንሽ ቆየ።

«ታደሰ! ዋላሂ፣ ፀጉርህን ማን ወሰደው?»

አቀፈኝ። እናቱ ከአራት ዓመት በፊት እንዳረፉ የነገረኝ እዚያው ደጅ ቆመን ነው። በእሳቸው ቤት ስድስት ዓመት በልቼ፣ ለለቅሷቸው እንኳ አልደረስኩም። አለቀስኩ።

ከዚያ ሻይ ቀረበና ዳጉ ተጀመረ። አፋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፤ የሰማውም ለሚቀጥለው ሰው ያደርሳል። ዳጉ ላይ መዋሸት ነውር ነው፤ መደበቅም ያው ነው። ይህንን እዚያው ቤት ስኖር ተምሬአለሁ።

ሁመድ ጀመረ። ያገባበትን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ የእናቱን ሕመም ተናገረ። «ከእናንተ ቢሮ ከወጣሁ በኋላ ሦስት ሌላ ቢሮ ጠየቅሁ» አለ፤ ዓይኑ ሻዩ ላይ ነው። «ሰነድ ጣለ የሚለው ወሬ ቀድሞኝ ደርሷል። ስለዚህ ጀልባ ጠባቂ ሆንኩ። ለነገው ውድድር ደግሞ ጭቃውን ስለማውቅ ጠርተውኛል፤ መስመሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።»

ተራው የእኔ ሆነ። ስለ አልማዝ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም፣ በአዳማ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ስለተለማመድኩት ዋና አወራሁ።

«ሌላስ?» አለ።

ስለ ስኳር ዋጋ ነገርኩት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም» አልኩ። ሁመድ ብርጭቆውን አስቀመጠና «እሺ፣ ተነሥ እንብላ» አለኝ።

ካርቲየ 4 ወደሚባለው ሰፈር ወስዶ አሣ ጋበዘኝ። ከመሐል ተሰንጥቆ በምድጃ የተጠበሰ አሣ ከሰፊ ቂጣ ጋር በሺህ ሁለት መቶ ፍራንክ። ሻጩ በዐረብኛ ያዛል፣ በሶማሊኛ ይቀልዳል፣ ሒሳቡን በፈረንሳይኛ ይናገራል። አሣው እንደ ድሮው ነው፤ ለእኔ ግን አልወርድ አለኝ። በራሴ ተናደድኩ።

የውድድሩ ቀን

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልሳ የምንሆን ሰዎች ባሕሩ ዳር ቆምን። ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ረጅም ሴት ደንቡን በፈረንሳይኛ፣ ቀጥላም በሶማሊኛ ተናገረች። ሁመድ አስተረጎመልኝ፦ ረፋዱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚገባ ሜዳሊያ የለውም፤ የሰው እጅ የነካውም ከውድድር ውጭ ነው፤ እጁን የሰጠው ሠራተኛም ይሰናበታል።

ዋናውን ያስተማረኝ ሁመድ ነው፤ ያውም በዚሁ ባሕር። ጨዋማው ውኃ ከአዳማው ገንዳ ይልቅ ስለሚያንሳፍፍ ሳልቸገር ወጣሁ። ብስክሌቱ ግን በአሸዋና በሹል ድንጋይ ላይ ነው፤ አንዴ ጎማ ፈንድቶብኝ ለወጥኩ። ሩጫውን ስጀምር ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው እስከ ሩቅ ተዘርግቶ ነበር። ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶኛል፤ የሚበቃ ጊዜ ነው።

ስህተቱን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። የአርሂባ ሰው ይህንን ጭቃ የሚያቋርጠው ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ነው። እኔም ድሮ እንደዚያ አደርግ ነበር። አሁን ግን አዲስ ጫማዬን ሁለት ጊዜ ቋጥሬ ገባሁበት። መድረሻው ላይ የተተከለው ባንዲራ ወለል ብሎ ሲታየኝ ሁለት እግሬ እስከ ጉልበቴ ሰጠመ። ጫማው ጭቃውን ጠጥቶ አልነቀል አለ። ቀና ብዬ ወደቡን ሳይ ቦታውን አወቅሁት። ሰነዱ የወደቀው እዚያው አካባቢ ነበር።

ሁመድ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ዱላውን ይዞ መጣ፤ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ዱላውን ጭቃው ላይ ተክሎ ሁለት እጁን ወደ ኋላው አጣመረ።

«ማሰሪያውን ፍታና በባዶ እግርህ ውጣ። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ አለህ።»

«እጅህን ለምን ታጣምራለህ?»

«ሁመድ ነካው እንዳይሉ። ሜዳሊያህ እንዳይቀር። እኔም ያልሠራሁትን ሠራህ መባል በቅቶኛል።»

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ሁመድ፣ ዳጉዬ አልሞላም።»

እሱም እዚያው ቁጢጥ አለ። ሰዎች በጎናችን ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ።

«ሌላስ?» አለኝ፤ እንደ ትናንቱ ነው የጠየቀኝ።

ነገርኩት። የወደቅሁበትን፣ አለቃዬ ፊት ያልኩትን፣ እሱ ሲባረር እያየሁ ዝም ያልኩትን፣ በዚያው ምሽት እናቱ የሰጡኝን እራት መብላቴን። ስጨርስ ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ደቂቃ ቀርቷል። ማሰሪያውን ብፈታ እንኳ አልደርስም።

«እጅህን ስጠኝ» አልኩት።

«ሥራዬስ?»

«ጠይቄ የያዝኩህ እኔ መሆኔን እናገራለሁ።»

ትንሽ አሰበ። እኔን አለማመን መብቱ ነበር። ከዚያ እጁን ፈታና ዘረጋልኝ፤ ያዝኩት፤ ጎትቶ አወጣኝ። ጫማው እዚያው ቀረ።

ፊሽካው ተነፋ። ሴትዮዋ በጭቃው ላይ እየተራመደች መጣችና ጣቷን ወደ ሁመድ ቀስራ በፈረንሳይኛ ትጮኽ ጀመር። ክንዱ በእጄ ውስጥ ሲደነድን ተሰማኝ። መካከላቸው ገባሁና ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፈኝን ፈረንሳይኛ አሰባስቤ «ሴ ምዋ!» አልኩ፤ እኔ ነኝ ማለት ነው። እሱ ሊነካኝ እንዳልፈለገ፣ እኔ ለምኜ እንደያዝኩት በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩ። ቁጥሬን ከደረቴ ቀደደችው። ሁመድን ግን ቦታህ ተመለስ አለችው።

ማታ ቤቱ ደጃፍ እግሬን ስታጠብ ውኃውን የሚያፈስልኝ ሁመድ ነው።

«ተቀይሜህ ነበር» አለኝ። «ከሥራው ይልቅ የተቀየምኩህ ሳትነግረኝ በመሄድህ ነው። አሁን ዳጉህ ሞላ። ለሰው ልስጠው?»

«ስጠው።»

«ከነስምህ?»

«ከነስሜ።»

መልስ

ከሦስት ቀን በኋላ ጋሽ በላቸው ማዳበሪያውን ጭኖ ተነሣን። ሎግያ ሻይ ልንጠጣ ስንቆም፣ ከዚህ በፊት አይቻቸው የማላውቃቸው አንድ አፋር ሽማግሌ ከጋቢናው ኋላ የታሰረችውን ብስክሌት አዩና ወደ እኔ መጡ።

«ጭቃ ውስጥ ዳጉ የሰጠኸው ታደሰ አንተ ነህ?»

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ድንበር ተሻግሯል። ፊቴ ጋለ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሁመድ ሰነድ ጣለ የሚለውን ያኔ ተቀብለው ለሰው ከሰጡት አንዱ እኔ ነኝ» አሉ። «አንተ የዋሸኸው አንድ ጊዜ ነው። እኔን ግን ሳላውቅ ስንት ጊዜ አዋሸኸኝ? አሁን የነገርኳቸውን ሰዎች እየፈለግሁ አስተካክላለሁ። ግማሾቹ ሞተዋል።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሻይ አብረውኝ ጠጥተው ተነሡ።

አዳማ ስደርስ አልማዝ በሩን ከፍታ በመጀመሪያ አንገቴን አየች።

«ሜዳሊያውስ?»

አስቀመጥኳትና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ። የመንገዱ ድካም ሁሉ ያኔ የወጣልኝ መሰለኝ። ከጉዞው የተማርኩትም ይኸው ነው፤ ውሸት ተናጋሪው ዘንድ እንደማይቀር፣ የማያውቁኝ ሰዎችም ተሸክመውልኝ እንደኖሩ። አልማዝ ጉልበቷን አቅፋ ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ለአለቃህስ ነገርከው?»

አለቃዬ ጡረታ ወጥቶ ድሬዳዋ ይኖራል። ስልኩ አለኝ፤ በየዓመት በዓሉ እንኳን አደረሰህ እንባባላለን። ጭቃው ገና ከጥፍሬ ሥር አልወጣም ነበር። ስልኬን አወጣሁና ደወልኩ፤ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ።

«ታደሰ ነኝ» አልኩ። «ስለ ሁመድ የነገርኩህ ውሸት ነው። ሰነዱን የጣልኩት እኔ ነኝ።»