ሌላውን ሲያስምል የኖረ ሰው

ጎረቤቴ ፍርድ ቤት ምስክሮችን የሚያስምል ሠራተኛ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "ቀኝ እጅዎን" ሲል ስለኖረ፣ የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ "ቀኝ እጅ" ይለዋል። ሥጋ ሻጩ ባየው ቁጥር "ቀኝ እጅ፣ ና እስቲ ይቺን ሚዛን አስምልልኝ፣ ደንበኛ አላምናት ብሏል!" ይለዋል። እሱ ፈገግ ብሎ ያልፋል።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጠን የሥራውን ነገር አጫወተኝ። በችሎቱ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱሱ በነጭ፣ ቁርኣኑ በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ መሃላቸው ካርቶን አለ። ሁለቱንም እጁን ሳይታጠብ አይነካም። መማል ኃጢአት ነው የሚሉም ይመጣሉ፤ እነሱ "በቃሌ አረጋግጣለሁ" ቢሉ ሕጉ ይበቃቸዋል ይላል።

"ይገርማል እኮ እትዬ፣" አለኝ፤ "አንዱ ካልማልክ አላምንህም ይላል፣ ሌላው ከማልክ በደልክ ይላል። መንግሥት ደግሞ የማንም አይደለሁም ብሎ ለሁሉም መሳቢያ ያዘጋጃል።"

"አንተስ ጋሼ፣ በየትኛው ትምላለህ?" ሳላስበው አመለጠኝ።

ጫማውን አየ። "እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።"

አባቱ ሙስሊም፣ እናቱ ክርስቲያን ነበሩ። በወጣትነቱ ሁለቴ ሊያገባ ነበር። የአንዷ ቄስ አስቀድሞ ይጠመቅ አሉ፤ የሌላዋ አባት መስጊድ ሲገባ ሳናየው አንሰጥም አሉ። እሱ ወደ አንዱ ቢሄድ ሌላውን ወላጁን የካደ መሰለው። የማዘጋጃ ቤቱ ሕግ ዕድሜና ፈቃድ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ግን ሙሽራ አያመጣም። ብቻውን ቀረ።

ዓርብ ዓርብ የአባቱ ወንድም፣ እሑድ እሑድ የእናቱ እህት ይጠይቁታል። ሁለቱም ሳይሞቱ ወደየሃይማኖታቸው ሲመጣ ማየት ይፈልጋሉ። አንዱ በሌላው ዕቃ ስለማይጠጣ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው ስኒ የአጎቱ፣ ቀዩ የአክስቱ ነው። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ፣ ሁለቱን ስኒዎች በተለያየ ውሃ ሲያጥብ እሰማ ነበር።

ከዚያ የእኔ ጉዳይ መጣ። ባለቤቴ የግቢውን ጣሪያ በነፃ ሲሠራ፣ አከራያችን "ሚስትህን እስክትሞት ከዚህ ክፍል የሚያስወጣት የለም" ብሎት ነበር። ጎረቤቴ መሰላሉን ይዞ ነበርና ሰምቷል። አከራዩም ባለቤቴም ሞቱ። የአከራዩ ልጅ ውጪልኝ ብሎ ከሰሰኝ። ከጎረቤቴ ሌላ ምስክር አልነበረኝም።

በቀጠሮው ቀን አጎትየው በቀኝ፣ አክስትየው በግራ ወንበር ተቀምጠዋል። የትኛውን መጽሐፍ እንደሚይዝ ሊያዩ ነው የመጡት። እሱ ከልማዱ እጁን ታጥቦ ገባ፤ እርጥቡን በሱሪው ጠረገው። የእሱን ቦታ የያዘችው ባልደረባው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የቱን ላውጣልህ?" አለችው።

ወደ መሳቢያው አየ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት አንዱን፣ የፈለገውን ያንሳና ክፍሌ ትትረፍልኝ ብዬ ተመኘሁ።

"ሁለቱንም ተይያቸው፤" አለ። "በቃሌ አረጋግጣለሁ።"

"በምንም የማይምል ሰው ምን ይፈራል?" አለ የአከራዩ ልጅ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ።

ጎረቤቴ ቀስ ብሎ ሁሉንም ተናገረ። የመሰላሉ ሦስተኛ እርከን ተሰንጥቆ ባለቤቴ በሽቦ እንዳሰረው ሳይቀር። መሰላሉ ዛሬም ከነሽቦው ጓሮ ቆሟል፤ የአከራዩ ልጅ ሲጠየቅ አልካደም። ለእኔ ተፈረደልኝ።

በረንዳው ላይ አክስትየው "እህቴን አሳፈርካት" አለችው። አጎትየው "ወንድሜን ዛሬ እንደገና ቀበርከው" አለው። ሁለቱ በዕድሜያቸው ተስማምተው አያውቁም፤ የዚያን ቀን ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ አንዳቸውም አልመጡም።

ማታውኑ በሩ ላይ ቆሜ "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አልኩት።

"የሰማሁትን ነው የተናገርኩት፣ እትዬ፤" አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ክፍሌ ውስጥ አለሁ። ዓርብና እሑድ ስኒ ሲያጥብ እሰማዋለሁ። ማንም ያልጠጣበትን ሰማያዊውን ዓርብ፣ ቀዩን እሑድ፣ እያንዳንዱን በራሱ ውሃ። የራሴን ስኒ ይዤ እነሣለሁ፣ እስከ እሱ በር እደርሳለሁ፣ ምን ብዬ እንደማንኳኳ ይጠፋኛል። ተመልሼ ግድግዳው አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ውሃው ተደፍቶ እስኪያልቅ።