ከዳማው ላይ የሚነሱ ቁልፎች

ልብስ ሰፊው ሰው ፊት መናገር ሲኖርበት ምላሱ ይተሳሰራል። የሰፈሩ ሰው “ዝምታ” ብሎ ያወጣለት ስም በዚሁ ነው። ሴት ልጁም በእሱ ወጣች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ “እንዴት ዋልሽ?” ቢላት “ደህና” ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። አባትና ልጅ እንደ ሁለት ግድግዳ ተፋጠው ያመሻሉ።

መላውን ያመጣችው ሚስቱ ናት።

“አንተ ሰውዬ፣ ይህች ልጅ በጥያቄ አትከፈትም። ተጫወቱ።”

“ሥራ ያለው ሰው ይጫወታል እንዴ?”

“ሥራማ ስትሞትም ይተርፋል።”

ተሸነፈ። ከጥቁርና ከነጭ ቁርጥራጭ ጨርቅ የዳማ ገበታ ሰፋ፤ በጠጠር ፋንታ የኮት ቁልፎች ደረደረ። እውነትም የልጅቱ እጅ ቁልፍ ሲገፋ አፏ ይፈታል።

“አባዬ፣ የምታስበው ጨርቅ ስትለካ ብቻ ነው እንዴ? ይኸው በላሁህ!”

መጀመሪያ ስትሸነፍ ታኮርፍ ነበር፤ በኋላ “እንደገና” ማለት ለመደች። እሱም ጨርቅ ሳይለካ እንደማይቆርጥ ሁሉ፣ ሳይሰማ አለመናገርን ለመደ።

ግን የሰፊ ነገር! ለደንበኛ ኮት አንድ ቁልፍ ይጎድላል፣ ሱቁ ሩቅ ነው። “ነገ እተካዋለሁ” ብሎ ከዳማው ላይ ያነሳል። ነገ ደግሞ ሌላ ኮት ይዞ ይመጣል። በጎደለው ቦታ የጠርሙስ ቆርኪ ያደርጋሉ፣ ቆርኪው ይንሸራተታል፣ ልጅቱ ትነጫነጫለች።

አንድ ምሽት እየተጫወቱ ሳለ ጎንበስ አለች።

“አባዬ... ትምህርት ቤት አንድ ነገር አለ። ለእማዬም አልነገርኳትም።”

ጠጋ አላት። ይሄኔ በሩ ተንኳኳ። ደንበኛው የአውቶቡስ ሾፌር ነው።

“ዝምታ፣ ኮቴስ? ሥራ ልገባ እኮ ነው!”

የሾፌሩን ኮት ለመጨረስ የቀረው አንድ ቁልፍ መትከል ብቻ ነበር። እጁን ሰደደና፣ ልጅቱ ልትገፋው ጣቷን ያሳረፈችበትን ጥቁር ቁልፍ አነሳ። “አንዴ፣ የኔ ልጅ።” ሰፍቶ ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ነው።

ከዚያ ወዲያ “ነይ እንጫወት” ቢላት “የቤት ሥራ አለብኝ።” “ምን ልትነግሪኝ ነበር?” ቢላት “ረሳሁት።”  በሾፌሩ ተናደደ፣ በራሱ ተናደደ፣ ምንም ያላጠፋችውን የስፌት መኪና ሳይቀር በጥፊ አላት።

በመጨረሻ ሱቅ ሄዶ የጎደለውን ሁሉ ሞላ። ቁልፎቹን በየቦታቸው ደርድሮ ዳማውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶላት አደረ። በማግስቱ ከሥራ ቀና ሲል አንዱን ሊነካ ቢሞክር አልነቃነቅ አለው። ሌላውም እንዲያው። እያንዳንዱ ቁልፍ በድርብ ክር ከጨርቁ ጋር ተሰፍቷል፤ ቋጠሮው ራሱ ያስተማራት ቋጠሮ ነው።

“ይሄ ምንድን ነው? አሁን በዚህ እንዴት ይጫወቱበታል?”

“አይጫወቱበትም” አለች ከጓዳ። “ግን አይጠፋም።”

 ምላጭ አንስቶ አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። ስፌቷ አይበገርም፤ የገዛ ትምህርቱ አበሸቀው። መሃል ላይ ሾፌሩ ብቅ አለ።

“ዝምታ፣ የእጅጌዬ ቁልፍ ወልቃለች። ከነዚያ አንዷን ጣል አድርግልኝ።”

“እነዚህ የሰው ናቸው።”

“ኧረ አንዲት ቁልፍ!”

“ነገ ና አልኩህ!”

ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። ሾፌሩ “ጉድ በሉ፣ ዝምታ ጮኸ!” እያለ ወጣ።

ልጅቱ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

“በይ ንገሪኛ” አላት ቸኩሎ።

“መጀመሪያ ፍታ። ከዚያ እንጫወት። ከዚያ እናያለን።”

ገና ግማሹ አልተፈታም። ጥርሱን ነክሶ ወደ ክሩ አቀረቀረ።