የልጄን ከረጢት የሰፉት ሴት

በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። መቱ ላይ ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም ነበር። የዚያን ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ያልረሳሁት ግን ፈጣሪዬን እያመሰገንኩ በዚያው ልቤ ስቀና ስለሰነበትኩ ነው።

ሐዊ አንድ ልጄ ናት። አባቷ ካረፈ በኋላ ብቻዬን አሳደግኋት እላለሁ፤ ብቻዬን ግን አልነበርኩም። ከቤታችን ፊት ለፊት እትዬ ኑሪያ የሚባሉ የስልጤ ሴት ጨርቅ ይነግዳሉ። ሐዊ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ የምትገባው እሳቸው ሱቅ ነበር። የቤት ሥራዋን የምትሠራው በእሳቸው ባንኮኒ ላይ ነው። የመጀመሪያ የወር አበባዋ ሲመጣ እንኳ አስቀድማ የነገረችው ለእሳቸው ነው። እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ድሬዳዋ ደረሳት። እኛ በአገሪቱ አንድ ጫፍ፣ እሱ በሌላው ጫፍ። ሸኝቻት እንዳልመለስ አቅሙም ጤናውም አልነበረኝም። የምትይዘው ስልኳን፣ መታወቂያዋንና የፈተና ውጤቷን ዋና ወረቀት ነው። ወረቀቱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ከበር ትመለሳለች። ስልኩ ቢጠፋ ድምጿን አልሰማም።

እኔ እናቴ እንዳስተማረችኝ አዲስ መቀነት ገዛሁላት። ከሹራቧ ስር ወገቧ ላይ ብትጠመጥመው ማን ያያል?

«እማ፣ በጂንስ ላይ መቀነት?» ብላ ሳቀች።

«አንቺን ያሳደግሁት በመቀነት ቋጥሬ ነው።»

«እሱማ አውቃለሁ። ግን እትዬ ኑሪያ እየሰፉልኝ ነው።»

መቀነቱን አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

እትዬ ኑሪያ ዕቃ ሊያመጡ በየጊዜው መርካቶ ይሄዳሉ። ገንዘባቸውን የት እንደሚይዙት ሰው አይቶ አያውቅም፤ ተሰርቀውም አያውቁም። ለሐዊ የሰፉላት ከአቡጀዴ የተሠራች ጠፍጣፋ ከረጢት ናት። ማንገቻዋ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ይውላል፤ ከረጢቷ በግራ ብብቷ ስር ትተኛለች። ሸሚዝ ሲደረብበት ምንም አይታይም። እንከን ፈልጌ አጣሁባት።

ሰፍተው ብቻ አልተዋትም። ከጉዞው በፊት ለብሳት እንድትለማመድ አዘዟት። ሐዊ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ እሳቸው የጨርቅ መለኪያውን ሜትር ይዘው ይከታተሏታል። እጇ ወደ ብብቷ ሄድ ባለ ቁጥር በሜትሩ ቸብ ያደርጓታል።

«እጅሽን!» ይላሉ። «ሌባ ፊትሽን አያይም፤ እጅሽን ነው የሚከተለው። አለ ወይ ብለሽ በዳሰስሽ ቁጥር እዚህ ነው ብለሽ ነገርሽው ማለት ነው። ለመንገድ የሚሆን ዝርዝር በኪስሽ ያዢ። እሷን ሰው ፊት እንዳትከፍቻት!»

ሁለቱ እየተሳሳቁ እኔ ከደጄ ቆሜ አያለሁ። ጸሎቴ እንኳ ከአፌ ይጠፋብኝ ነበር።

የመሄጃዋ ዋዜማ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ጠበል እንዲያፈሱባት ለመንኳቸው። ልጅ ሩቅ አገር ስትሄድ እንዲሁ አትሰደድም። አባ ጣሳውን ሞልተው ከራሷ ላይ ለቀቁባት። አንዱን ጣሳ እያመሰገንኩ ተቀበልኩ። ሁለተኛው ሲፈስ ግን ትዝ አለኝ። ከረጢቷን ለብሳታለች! ስልኩም ወረቀቱም ውስጧ ነው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ትሄዳለች፤ ሌላ ወረቀት ከየት ይመጣል?

እጇን ይዤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወሰድኳት። ከረጢቷን ስናወጣት አቡጀዴው ውኃ ይንጠባጠባል። ከፈትናት።

ወረቀቶቹ በላስቲክ ተጠቅልለዋል። ሱቅ ውስጥ ጨውና ስኳር እንደሚታሸገው የላስቲኩ አፍ በሻማ እሳት ተጣብቋል። ስልኩ በድርብ ፌስታል ታስሯል። አንድም ጠብታ አልገባም።

«እልልታ ነው የሚያስፈልገው!» አለች ሐዊ ፀጉሯን እየጨመቀች። «እትዬ ኑሪያ እኮ ነግረውኝ ነበር። ‹እናትሽ ጠበል ሳታስረጭ አትሸኝሽም፤ አባ ደግሞ ለጠበል እጃቸው ሰፊ ነው› ብለው ነው ያሸጉት።»

የእኔን ጠበል እኔ ሳላስብ የሰጉለት እሳቸው ናቸው። ተመስገን አልኩ። ከተመስገኑ ጋር ግን ቅናቴም ተነሳ። ልጄን ያውቋታል፤ ይህንን ለምጄዋለሁ። ለካ እኔንም እንዲህ ያውቁኛል?

ያኔ ነው የራሴ መቀነት ትዝ ያለኝ። የአውቶቡሱ ትኬት እኔ ጋ ነበር። ቢያንስ እሱን እኔ ልያዝላት ብዬ በመቀነቴ ጫፍ ቋጥሬው፣ ሐዊን ደግፌ ከጠበሉ ስር ቆሜ ነበር። ቋጠሮውን ስፈታው ትኬቱ ገንፎ ሆኗል። ሐዊ አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ያንኑ ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ትኬት ቆራጩ በሁለት ጣቱ አንስቶ አየው።

«እናቴ፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«ጠበል ነክቶት ነው ልጄ።»

«በሉ እንግዲያው ከዛሬው ትኬት ሁሉ የተባረከው ይሄ ነው።» ፊቴን አይቶ መቀለዱን ተወ። «የድሬዳዋዋ ልጅ አይደለች? አስታውሳታለሁ።» ሌላ ጻፈልኝ። ለእሱም እስከ ዛሬ እጸልይለታለሁ።

ሐዊ በሰላም ደረሰች። እንደደረሰች በዚያው ስልክ ደወለች። መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነው፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ተምራ ጨርሳ ዛሬ ጎሬ ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ከሚኒባሱ ወርዳ አስቀድማ የምትገባው እትዬ ኑሪያ ሱቅ ነው። «መንገዴ ላይ ስለሆነ ነው እማ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ መንገዷ ላይ ነው። ቢሆንም እቀናለሁ። ለልጄ ሁለተኛ እናት የሰጠ አምላክ ቅናቴንም ያውቀዋል። በጸሎቴ የሁለቱን ስም ለይቼ ጠርቼ አላውቅም።

ከጠበሉ ማግስት፣ የሄደች ቀን ጠዋት፣ እትዬ ኑሪያ ሰግደው ሲጨርሱ ጋቢ ደርበው መናኸሪያ መጡ። እኔ አስቀድሜ ልጄን አቀፍኳት። እጄ ከረጢቷን ልዳስሳት፣ ልዳስሳት አለኝ። ያ ሜትር ትዝ አለኝና እጄን ከራሷ ላይ አድርጌ በስመ አብ አልኩባት።

ቀጥለው እሳቸው አቀፏት። «ከራ ነጋ፣ ሐዊ ኮ» ብለው በኦሮምኛ መረቋት፤ «የኔ ሐዊ፣ መንገድሽን ሰላም ያድርገው» እያሉ እንባቸው ወረደ። ቀኝ እጃቸው ግን ቀስ ብሎ ወደ ግራ ብብቷ ሄደ። ዳሰሳት።

«እትዬ ኑሪያ፣ እጅዎን!» አልኩ።

ጮክ ብዬ ኖሯል፤ የአውቶቡሱ ረዳት ዞሮ አየን። እሳቸው እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ሐዊ እያለቀሰች በሳቅ ፈነዳች።

«አዬ የሐዊ እናት! ያዢኝ እንግዲህ!» አሉኝ።

ያዝኳቸው። አውቶቡሱ በበደሌ መንገድ ወጥቶ ከዓይናችን እስኪጠፋ እጃቸውን አልለቀቅኩም።