ጽጌ የጠበቀችው ሥዕል

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ኬንት፣ ሲያትል አጠገብ

ጎህ ሳይቀድ ከቤት ወጣሁ። ካፊያ ነው። መኪናዬን ጣቢያው ላይ ፓርክ አድርጌ የሲያትሉን ባቡር ያዝኩ። ታላቅ እህቴ ጽጌ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደ ሥራዋ የተመላለሰችው በዚሁ ባቡር ነው። መሀል ከተማ፣ አንድ ሙዚየም ውስጥ የሥዕል ጠባቂ ነበረች። በጥር ታማ ሞተችብኝ።

እራት ላይ ስለ አንድ ሥዕል ሳታነሳ አትቀርም ነበር።

"ታዲያ፣ ልታዪው መቼ ነው የምትመጪው?" ትለኝ ነበር።

"በሚቀጥለው ሳምንት።"

እኔ የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሁልጊዜ ኦቨርታይም አለ።

አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ባቡር ላይ

መጋዘኖች፣ የተደረደሩ የጭነት መኪኖች፣ ዝናብ የሚንጠባጠብባቸው ዛፎች። ቀጥሎ የወደቡ ክሬኖች ብቅ አሉ። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ጽጌ የትኛው ወንበር ላይ ትቀመጥ እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም።

አራት ሰዓት፣ ሲያትል

ሙዚየሙ እስኪከፈት ሻይ ይዤ ዳገቱን ስወጣ ስወርድ ቆየሁ። ስገባ ጽጌ ደጋግማ የነገረችኝን ሥዕል ሳልጠይቅ አገኘሁት። ሠዓሊው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ኦስትሪያዊ ነው። እንጀራው የሀብታሞችን መልክ መሣል ነበር፤ ይኼኛው ግን የአንድ ተራ ቤተሰብ ጓዳ ነው። እናት ድንች ትልጣለች። መስኮቱ አጠገብ ታላቂቱ ልጅ የታናሺቱን ፀጉር ትጎነጉናለች። ታናሺቱ አንድ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ፀጉሯ ሲሳብ አሟታል።

አናቴን ያዝ አደረግሁ። ጽጌም ፀጉሬን ስትሠራኝ እጇ ጠንካራ ነበር።

"የጽጌ እህት ነሽ አይደል?" አለኝ ከኋላዬ አንድ ድምፅ። ሽበታም ጠባቂ ነው። ተሾመ እንደሚባል ነገረኝ።

"በምን አወቁኝ፣ ጋሽ ተሾመ?"

"ቁርጥ እሷን ነሽ። ሥራ ስትጨርስ ዩኒፎርሟን ቀይራ፣ እንደ እንግዳ እዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ሁሌም ጥግ ይዛ። 'መሀል ላይ ተመቻችተሽ አትቀመጪም ወይ?' ብላት፣ 'እህቴ ትመጣለች፣ ቦታ እየያዝኩላት ነው' አለችኝ።"

"ቀልዷን ነበር?"

"አይመስለኝም።"

"ተቀመጪ፣ እህቴ" ብሎኝ ወደ በሩ ራቅ አለ። ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ የሚያየኝ ሰው እንዳለም አላየሁም።

ሰባት ሰዓት ገደማ

ምርኩዝ የያዙ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ መጡ። ሥዕሉን ቆመው አዩት፤ ከዚያ ከጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ እያሳዩ፣ "ሰው አለበት?" አሉኝ።

ባዶውን የጽጌን ቦታ ዞር ብዬ አየሁት።

"የለበትም፤ ይቀመጡ" አልኳቸውና ጠጋ አልኩላቸው።