እቴቴን ጎጆ ያደረስኩበት መንገድ

ባኮ፣ ማለዳ

ከባኮ የተነሳነው በጥቅምት አጋማሽ፣ ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እኔና አማቴ እቴቴ ድንቄ። ጉዞው የሁለት ሳምንት ጥየቃ ነበር፤ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው። እቴቴ ጎጆ ከተማ የሚኖሩትን ታናሽ እህታቸውን አዴ ጫልቱን ካዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። "እግሬ ሳይከዳኝ ልያት" ሲሉኝ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት የሰኞን ፈቃድ ጠየቅኩ። አድርሻቸው እመለሳለሁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሄጄ አመጣቸዋለሁ።

ባለቤቴ ግርማ፣ የእቴቴ አንድ ልጅ፣ ካረፈ ሦስት ዓመት አልፎታል። ልጅ አልወለድንም። ከለቅሶው በኋላ ዘመድ ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን ሁለታችን እዚያው ቤት ቀረን። እሁድ እሁድ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ስለማስተምር፣ የተዘጋጀሁበትን የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ከእራት በፊት ለእቴቴ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ሐናን ይወዷታል። አስቴር ወደ ንጉሡ ስትገባ፣ መጨረሻውን እያወቁት እንኳ፣ ነጠላቸውን ጨምድደው ይይዛሉ። ሩት ላይ ስንደርስ ግን ዝም ይላሉ። አማቴን ሳልተው በመቅረቴ የሰፈሩ ሰው እኔን ሩት ብሎ መጥራት ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፤ ኋላ ኋላ ስሙ ከበደኝ።

የከበደኝ በደረጀ ምክንያት ነው። ደረጀ አብሮኝ ሲያስተምር ቆይቶ ወደ አምቦ የተዛወረ መምህር ነው። ከፋሲካ በፊት ለትዳር ጠየቀኝ። እሺም እምቢም ሳልለው ወራት አለፉ። ለእቴቴ ትንፍሽ አላልኩም።

ወደ አምቦ

አውቶብሱ ከባኮ ሲወጣ በቆሎው ግራና ቀኝ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። የጌዶን ዳገት ስንያያዘው ሙቀቱ ቀስ እያለ ለቀቀን፤ ከሸለቆው የተነሳው ጉም መንገዱን እየከደነ ይገልጠዋል። ተሳፋሪው አንቀላፍቷል። እቴቴም ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር።

"ያቺ ሌላይቱ ምራት ምን ሆነች?" አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"የቷ፣ እቴቴ?"

"የኑኃሚን ምራት ነዋ። ሩት አይደለችም፣ ሌላይቱ።"

"ዖርፋ? ወደ ወገኖቿ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ስሟ አይነሳም።"

"ክፉ ሠርታ ነው?"

"ኧረ የለም። አልቅሳ፣ አማቷን ስማ ነው የሄደችው።"

"ሂጂ ያለቻትስ?"

"ራሷ ኑኃሚን ናት።"

"እህ" አሉና ነጠላቸውን ተከናነቡ።

አምቦ የገባነው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከመናኸሪያው አጠገብ ፍርፍር በላን። እቴቴ ፍል ውሃው ሳይነካኝ አላልፍም ስላሉ ወሰድኳቸው። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሙቁ ውሃ ውስጥ ሲያስገቡ እንፋሎቱ ተነሳ። ፊታቸው አንዴ ይታየኛል፣ አንዴ ይሰወርብኛል። እኔ ግን ዓይኔ በር በሩን ያይ ነበር። ደረጀ በዚያ ቢያልፍ ምን እላለሁ? ለእቴቴስ ማን ነው እላለሁ? ነጠላዬን ግንባሬ ድረስ ሳብኩት። ስላደረግኩት ነገር አሁንም አፍራለሁ።

ጊንጪ፣ ከዚያም ሽቅብ

ጊንጪ ስንወርድ ስድስት ሰዓት ነው። በየመጋዘኑ ደጅ ጤፍ ይራገፋል፣ መኪናው ያለማቋረጥ ያልፋል። በአሥር ብር የተቀቀለ ድንች ከነሚጥሚጣው ገዝተን ወደ ጎጆ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባን።

ሾፌሩ ለእቴቴ "ሃርሜ፣ አካም ጅርቱ?" አላቸው፤ እናቴ እንዴት ነዎት ማለቱ ነው። እሳቸውም በኦሮምኛ እየመለሱለት የማን ልጅ እንደሆነ ሳይቀር አወቁ። መንገዱ ሻካራ ነው። ገብሱ እስከ አድማስ ተዘርግቷል፤ በጎቹ ከጉሙ መሐል ድንገት ብቅ ይላሉ። አንድ ጭቃማ ዳገት ላይ ሾፌሩ ቆመና "ባዶውን ልሞክረው፣ ትንሽ በእግር ውጡልኝ" ብሎ አወረደን።

ጉሙ ወረደብን። እቴቴ እጄን ይይዛሉ ብዬ ስጠብቅ ዱላቸውን ይዘው ቀደሙኝ። ከፊቴ የሚታየኝ ነጩ ነጠላቸው ብቻ ነበር። ድምፅ ሁሉ ጠፍቶ የራሴን ትንፋሽ ብቻ እሰማለሁ። በሕልም የምሄድ መሰለኝ፤ ብጣራ የማይሰሙኝ፣ ብሮጥ የማልደርስባቸው።

"እቴቴ፣ ይጠብቁኝ!"

"ነይ፣ አለሁ" አሉኝ ከጉሙ ውስጥ። ግን አልቆሙም።

ጎጆ

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ደረስን። አዴ ጫልቱ እህታቸውን አቅፈው ብዙ አለቀሱ። እሳት ዳር አስቀምጠው በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አቀረቡልን። ሁለቱ ሲጫወቱ እኔ የእቴቴን ዕቃ ከሻንጣ ላወጣ ወደ ጓዳ ገባሁ። የክረምት ልብሳቸው አለ፣ የበጋውም አለ። ከታች በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። መግነዛቸው ነበር፤ ለቀብራቸው ቀን ብለው በእጃቸው ፈትለው ያስቀመጡት። ለሁለት ሳምንት የሚሄድ ሰው መግነዙን አይዝም። እንደያዝኩት መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

እቴቴ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

"አየሽው? ልነግርሽ ነበር። እዚህ ልቀር ነው፣ ኢንተላ ኮ።" ልጄ ሆይ፣ ማለታቸው ነው።

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። ያ አምቦ ያለው መምህር ጥሩ ሰው ነው?"

ደነገጥኩ። "ማን ነገረዎት?"

"ማንም። ስልክሽ ሲጮህ ጓሮ የምትወጪው ለማን ብለሽ ነው? የጓሮ ወሬ እኮ በመስኮት ይገባል።"

"ጥዬዎት አልሄድም።"

"አንቺማ አትሄጂም። ለዚህ እኮ ነው እኔ የሄድኩት።"

አጠገቤ ተቀመጡ። "ኑኃሚን መጀመሪያ ያለቻቸው ሂዱ ነው። እግዚአብሔር በየባላችሁ ቤት ዕረፍት ይስጣችሁ ብላ ሳመቻቸው። ያን ቀን እሷ ምን ነበራት? ባል የላት፣ ልጅ የላት። የቀሯት እነሱ ብቻ ናቸው። አንቺ ስታነቢልኝ ያን ቦታ ቶሎ ነው የምታልፊው።"

እውነታቸውን ነው። ሩት አልለይሽም እስክትል ስለምቸኩል ሁልጊዜ ቶሎ አልፈው ነበር።

"አይፈሩም?" አልኳቸው።

"እፈራለሁ እንጂ። ትናንት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ቢሆንም እግዚአብሔር ያለው ባኮ ብቻ አይደለም።"

ጭናቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ስለ ግርማም ያልወጣልኝ ለቅሶ ያኔ ነው የወጣው።

መልስ

እሁድ ቅዳሴ አስቀድሰን ሸኙኝ። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ እጄን ሳሙኝ። መኪናው ሲነሳ ዞር አልኩ፤ እጃቸውን አላወዛወዙም፤ ባማተቡበት ጣታቸው መንገዱን ብቻ አሳዩኝ።

አምቦ ወርጄ ለደረጀ ደወልኩለት። መናኸሪያው በር ላይ በሰው መሐል ቆመን እሺ አልኩት።

"ግን ጎጆ አማቴ አሉ። እናቴ ናቸው" አልኩት።

"ታዲያ ሽማግሌ የምልከው ጎጆ ነዋ" አለኝ።

ብቻዬን ሆቴል አድሬ ሰኞ ቀትር ባኮ ገባሁ። ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ተቀበለኝ። ቤቱ ጭር ብሏል። የእነሐናን፣ የእነሩትን ታሪክ ለዓመታት ለሕፃናት ሳስተምር ድፍረት ማለት አልለይም ማለት ይመስለኝ ነበር። ለሩት እውነት ነው። ኑኃሚን ግን የምትወዳቸውን ስማ ስታሰናብት፣ አንዷ እንኳ አብራት እንደምትቀር አታውቅም ነበር። እምነቷ እዚያ ላይ ነበር፤ እኔም ይህን ያየሁት በእቴቴ ነው።

ማታውን ሳልጠብቅ ወደ አዴ ጫልቱ ስልክ ደወልኩ። ለእቴቴ መግባቴን ነገርኳቸው። ደረጀ ያለኝንም ነገርኳቸው።

ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው በሙሉ ድምፃቸው ሲጣሩ ሰማሁ፦

"ጫልቱ! ነይ፣ ቤቱን እናሰናዳ! ልጄን ሊጠይቁ ሊመጡ ነው!"