ዘሃራ ከቅርጫቱ ሥር የቆመችበት ቀን

ልጅ እያለሁ ቅርጫት ኳስ የተማርኩት ያለ ኳስ ነው። የምቀልድ ይመስላል። ሸዋ ሮቢት ያለው የሙያ ኮሌጃችን ግን አንድ ደህና ኳስ ብቻ ነበረው፤ እሱም ከወንዶቹ ቡድን እጅ አይወጣም። ወንዶቹ ጠዋት ጠዋት በሜዳው አንደኛ ጫፍ እየወረወሩ ሲሳሳቁ፣ እኛ ሴቶቹ በሌላኛው ጫፍ ጉልበታችንን አጥፈን፣ ባዶ እጃችንን ዘርግተን፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንንሸራተት ነበር። ከሩቅ ለሚያየን ዶሮ ወደ ቤት የምናስገባ ነበር የምንመስለው። ጋሪ ነጂዎቹ አጥሩ ጋ ቆም ይሉና "አመለጠቻችሁ! ያዟት እንጂ!" እያሉ ስቀው ያልፋሉ።

አስራ ሰባት ዓመት ልጅነት ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። የዘመኔ ሰዎች ግን ይገባችኋል። አስረኛ ክፍል ጨርሰን የመሰናዶው ነጥብ ያመለጠን፣ "ቴን ፕላስ" ተብለን በአንዴ የኮሌጅ ተማሪ የሆንን ልጆች ነበርን። ስሙ ትልቅ ነው፤ እኛ ግን ገና ከክፍል ስንወጣ የሰው ማንጎ በድንጋይ የምናወርድ፣ የእናታችንን ቁጣ ከኮሌጁ ዲን ቁጣ አብልጠን የምንፈራ ነበርን።

አሠልጣኛችን ጋሽ ደምሴ ሒሳብ አያያዝ የሚያስተምሩን መምህር ነበሩ። በወጣትነታቸው እግር ኳስ ተጫውተዋል፤ ያውም ተከላካይ። ቅርጫት ኳስን በተመለከተ ግን ከእኛ ብዙም አይሻሉም፤ ይህንንም አይደብቁም። "ልጆቼ፣ ኳሷ እንዴት እንደምትገባ የሚያሳያችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። እንዴት እንደማትገባ ግን እኔ አሳያችኋለሁ" ይሉን ነበር። ደግመው ደጋግመው የሚነግሩን አንድ ነገር ነበር፦ ኳስ ታታልላለች፣ ዓይንም ያታልላል፣ ወገብ ግን አይዋሽም። የባላጋራችሁን ወገብ እዩ፤ ወገቧ ወደዞረበት እሷም መሄዷ ነው።

የነዚያ ጠዋቶች ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ገና ፀሐይ ሳትወጣ ውሃ የጠጣው የሽንኩርት ማሳ ከወንዙ በኩል ይሸታል፤ የሲሚንቶው ሜዳ የትናንቱን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ይዞ አድሮ በሸራ ጫማችን ሥር ይለበልበናል። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሜዳው ላይ መቆም አይቻልም። በዚያች አጭር ጊዜ ጋሽ ደምሴ ጭናችን እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ያንሸራትቱናል።

ከሁላችን የምትበልጠው ዘሃራ ነበረች። የጀውሃ ልጅ ናት። እኔና እሷ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን ነበር የምንኖረው። እናቷ እትዬ ሙሚና ጀውሃ መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሹፌሮች ምግብ ቤት ነበራቸው፤ ዘሃራ በልጅነቷ ያደገችው በዚያ ግርግር ውስጥ ትሪ ይዛ እየተሹለከለከች ነው። እጇ ለጉድ ነው የሚፈጥነው። ሹፌሩ ወሬውን ሳይጨርስ ባዶ ብርጭቆውን ከፊቱ ታነሳለች፤ መነሳቱን የሚያውቀው ሊጠጣ እጁን ሲዘረጋ ነው።

ባለፈው ዓመት ደጋ ወጥተን ከአንድ ኮሌጅ ጋር ተጫውተን ነበር። ያን ሽንፈት ማስታወስ አልወድም። ብርዱ ጣታችንን አደንዝዞት፣ ሰብለ የምትባል መለሎ ልጅ እንደ ፈለገች በላያችን ላይ እየወረወረች አስገባችብን። የሜዳው ተመልካች "ቆለኞች፣ ፀሐይ ሂዱና ሙቁ!" እያለ ሲስቅብን ዋለ። ስንመለስ መኪናው ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሲገባ ጨለማው ሸፈነንና ሁላችንም አንድ ላይ አለቀስን። ከዋሻው ስንወጣ ማንም የማንንም ፊት አላየም። ዲናችን ደግሞ በማግስቱ ሰብስበውን "ዘንድሮ ተዋረድን። በሚቀጥለው ዓመት እዚህ መጥተው እንዲሁ ከሆናችሁ የሴቶች ቡድን የሚባል ነገር አይኖርም" አሉን። ክረምቱን ሙሉ ይህ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር።

እነ ሰብለ ወደኛ የሚወርዱበት ቀን ኅዳር ላይ ዋለ። ማሽላው ታጭዷል፤ ቀኑ ግን እንደ ቆላ ቀን አሁንም ያነዳል። ወሩ ረመዳን ነበር። ዘሃራ ሱሁር ልትበላ ሌሊት ስትነሳ እኔም ነቃሁና ዛሬ እንኳ ብትተዪውስ ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ነገሩ እሷና ፈጣሪዋ የሚያውቁት ነው።

ጋሽ ደምሴ መፆሟን የሰሙት ጠዋት ነው። ጠርተዋት "ዛሬ ተቀምጠሽ ታያለሽ። በዚህ ፀሐይ፣ ውሃ ሳትቀምሺ፣ አንቺን ሜዳ ላይ ጥዬ ለእናትሽ ምን እላለሁ?" አሏት።

ዘሃራ መሬት መሬት እያየች፣ ግን ድምጿን ሳትሰብር መለሰች። "ጋሼ፣ ፆሙም የኔ ነው፣ ሜዳውም የኔ ነው። አንዱን ለአንዱ አልለቅም።"

ጋሽ ደምሴ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ስንጥር አነሱና ከሜዳው ዳር ያለው አሸዋ ላይ መጫር ጀመሩ። እስከዚያ ቀን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሰው ይዘን ነበር የምንከላከለው፤ ዘሃራ ደግሞ ሰብለን ሜዳውን ሙሉ ልታባርራት ነበር የታሰበው። ያን ትተው አንድ ነጥብ ከቅርጫቱ ሥር፣ አራት ነጥብ ደግሞ ከፊቱ ቅስት አድርገው ሠሩ። "ይቺ ዘሃራ ናት። ከቅርጫቱ ሥር አትነቃነቅም። ከኋላ ሆና ሁሉንም ታያለች፤ የምታየውን ትነግራችኋለች። እናንተ አራታችሁ ደግሞ የእሷን ሩጫ ትሮጡላታላችሁ። ትችላላችሁ?" አሉን። አራታችንም በአንድ አፍ እንችላለን አልን። እውነቱን ለመናገር፣ ምን እንደተስማማን የገባን ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው።

እንግዶቹ መንገድ ላይ ጉም ይዟቸው ዘግይተው ደረሱ። ጨዋታው ሲጀመር አሥር ሰዓት አልፏል፤ ፀሐይ ወደ ተራራው ብታዘነብልም ሲሚንቶው እንደ ምጣድ ነበር። ከተማው እንዳለ ሜዳውን ከቧል። ሽንኩርት ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ጋሪ ነጂው ከነጋሪው፤ ዲኑም ዣንጥላ ተይዞላቸው ወንበር ላይ። ሰብለ ገና የመጀመሪያዋን ኳስ ስትይዝ ዘሃራ ከኋላዬ "ጥሩዬ፣ በግራሽ!" ብላ ጮኸች። ወደ ግራዬ ተንሸራተትኩ። ሰብለ ደረቴ ላይ ደረሰችና ቆመች። ኳሱን ለጓደኛዋ ሰጠች፤ እዚያም የኛ ልጅ ቀድማ ደርሳለች። እንደገና መለሱት፤ እንደገና መንገዱ ዝግ ነው። ባዶ እጃችንን ዘርግተን ያሳለፍናቸው ጠዋቶች ሁሉ እግራችን ላይ ተቀምጠው ኖሯል።

የኛ ነጥብ እንደ ቆላ ዝናብ ነበር፤ አልፎ አልፎ ጠብ ይላል። የእነሱም ብዙ አልተሻለ። እረፍት ስንወጣ በጥቂት ይመሩን ነበር፤ ሰብለ ግን ፊቷ ቀልቶ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቅርጫቱን ታየው ነበር። እኛ አራታችን የውሃውን ጀሪካን ይዘን ከዘሃራ ለመደበቅ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ዞርን። ተከትላን መጣች። "ምን ትደበቃላችሁ? ጠጡ እንጂ! እናንተ ካልጠጣችሁ ማን ሊሮጥልኝ ነው?" አለችና ሳቀች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ድምጿም መሻከር ጀምሯል።

እትዬ ሙሚና የደረሱት ይሄኔ ነው። ወሬው ጀውሃ ድረስ ሄዶላቸው አንድ ደንበኛቸውን ሹፌር አስቁመው መጥተዋል። ከመኪናው ወርደው ቀጥታ ወደ ጋሽ ደምሴ።

"አንተ መምህር፣ የሰው ልጅ በደረቅ ጉሮሮ ታስሮጣለህ? አላህን አትፈራም?"

"እትዬ ሙሚና፣ እኔ ተቀመጪ ብያት ነበር፤ እምቢ አለችኝ" አሉ ጋሽ ደምሴ እንደ ተያዘ ተማሪ። "ደግሞም አትሮጥም። ቆማለች። የሚሮጡላት እነዚህ ናቸው።"

እትዬ ሙሚና እኛን አራታችንን ከላይ እስከ ታች አዩን። ላባችን ይንጠፈጠፋል፣ ጉልበታችን ተልጧል። ልጃቸውን ይዘው ይሄዳሉ ስንል ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው ከቅርጫቱ ኋላ ሄደው ቆሙ።

በሁለተኛው ክፍል ተመልካቹ አበደ። ጩኸቱ ሲያይል የዘሃራ ድምጽ እኛ ጋ መድረሱ ቀረ፤ ቆይቶም ጨርሶ ተዘጋ። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የሚሰማኝ ነገር የለም። ጀርባችን ለእሷ፣ ፊታችን ለባላጋራ ነውና እጇን ብትጠቁም አናይም። በዚያች ግራ መጋባት ውስጥ ሰብለ ደጋግማ አስገባችብን። ዲኑ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። አለቀልን፣ አልኩ በልቤ።

ድንገት ከቅርጫቱ ኋላ ከሰው ሁሉ ጩኸት በላይ የወጣ ድምጽ ተሰማ። "በቀኝ! በቀኝ መጣችላችሁ!" እትዬ ሙሚና ናቸው። የልጃቸውን እጅ እያዩ፣ የጠቆመችውን እየጮኹ ነው። ያ የከባድ መኪና ሞተር አልፎ ማዕድ ቤት ድረስ ሲያዝ የኖረ ድምጽ ነው፤ የኛ ሜዳ ጫጫታ ምኑ ነው? "ወደ መሃል! አንቺ አጭሯ፣ ወደ መሃል!" አጭሯ እኔ ነኝ። ሮጥኩ። ኳሱ እጄን ነክቶ ወጣ። ዳኛው ዞር ብሎ አያቸው፤ ተመልካች እንዳይጮህ የሚከለክል ሕግ የለምና ፈገግ ብሎ ተወው። ከዚያ በኋላ እነ ሰብለ መተላለፊያ አጡ። አንዱን በር ሲያንኳኩ ዝግ፣ ሌላውን ሲያንኳኩ ዝግ። እኛም በዚህ መሃል ጠብ ጠብ እያልን በአንድ ነጥብ አለፍናቸው።

መጨረሻዋን ኳስ ሰብለ ይዛ መጣች። ዳኛው ሰዓቱን ያያል። ከሁሉም ሰው መሃል እኔን መርጣ መጣችብኝ፤ አጭሯ ነኝና አልፈረድኩባትም። በዓይኗ ግራ አየች፣ በትከሻዋ ግራ ሄደች፣ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ግራ አጋደለ። እኔ ወገቧን አየሁ። ወገቧ ወደ ቀኝ ነበር። ወደ ቀኝ ተንሸራተትኩና መንገዱን ዘጋሁባት፤ ያላት ቀዳዳ ከጠርዙ ጋ ያለችው ቀጭን መተላለፊያ ብቻ ሆነች። "ልቀቂያት! ልጄ አለችላት!" አሉ እትዬ ሙሚና። ለቀቅኳት። ሰብለ ያን ረዥም እጇን ወደ ቅርጫቱ ስታነሳ፣ ጨዋታውን ሙሉ ከቦታዋ ያልተነቃነቀችው ዘሃራ አንዲት እርምጃ ወደ ፊት መጣች። ሰብለ እጇ ባዶ መሆኑን ያወቀችው ልትወረውር ስትል ነው። ኳሷ ዘሃራ ደረት ላይ ታቅፋለች። ፊሽካው ተነፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸው ወድቆ እየረገጡት ሲዘሉ አይቻለሁ። ጋሪ ነጂዎቹ እኔን አንስተው ጋሪ ላይ ጫኑኝ። ዲኑ የእትዬ ሙሚናን እጅ ለመጨበጥ ሰው ሲገፉ ነበር። በዚህ ሁሉ መሃል ከከተማው መስጊድ አዛን ተሰማ፤ ሕዝቡም ማንም ዝም በሉ ሳይለው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ዘሃራ ከቅርጫቱ ምሰሶ ሥር ተቀመጠች። እናቷ ከመቀነታቸው ተምር ፈተው አጎረሷት። ውሃ ይዛ የመጣችው ሰብለ ነበረች።

"ይህን ሁሉ ጊዜ በፆም ነው?" አለቻት፣ ጎኗ ቁጭ ብላ።

ዘሃራ ድምጽ ስላልነበራት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሰብለ ኩባያውን ሞልታ ሰጠቻት፤ ጠጥታ ስትጨርስም ደግማ ሞላችላት። ኋላ ላይ እትዬ ሙሚና ያመጡትን ሳምቡሳ አሸናፊም ተሸናፊም ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠን ተሻምተን በላን። ለብ ያለው ሲሚንቶ ያን ጊዜ ደስ ይል ነበር።

ያ ድል ላሳለፈን ትልቅ ውድድር ሩቅ አገር ሄደን በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፈን መጣን። ግድ አልነበረንም። ቡድኑ አልፈረሰም፤ ከእኛ በኋላ የመጡት ሴቶች ልጆችም ተጫወቱ።

ዛሬ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጋሪው ቀርቶ ባጃጅ ሆኗል፤ ሜዳውም ታድሶ መብራት ገብቶለታል። ከሥራ ስወጣ አንዳንዴ ቆም ብዬ አያለሁ። የዛሬዎቹ ልጆች ከሩቅ ወርውረው ሲያስገቡ ዓይን ይሞላሉ፤ በእኛ ጊዜ ይህን ማን ያውቀው ነበር? ዘሃራ ከሚሴ የራሷ ሱቅ አላት፤ በስልክ ስንገናኝ ስለ ልጆቻችንና ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን፣ ስለዚያ ቀን ብዙም አናነሳም። ጋሽ ደምሴ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከቡድናችን ፎቶ እንኳ አልቀረም።

አሁን ሁሉም የየራሱን ሩጫ ይሮጣል፤ እኔም እንደ ሰው እሮጣለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያመኛል። ግን ያን ቀን አራት ሆነን ለአንዲት ልጅ ሮጠናል፤ እሷም ለሁላችን ቆማለች፤ መጨረሻ ላይም በዚያች ሜዳ ማንም አላለፈንም።